አራት አዋሳኝ፣ አንድ መጥበሻ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ የሠራሁት ጥፋት ከክፋት ሳይሆን ከዚያው ከፍርሃቴ የመጣ ነውና። በር ሲንኳኳ ፖሊስ ይመስለኛል፤ ስልክ ሲጮህ መርዶ ይመስለኛል፤ ሰው «ላነጋግርሽ ፈልጌ ነበር» ካለኝ እስኪያነጋግረኝ ድረስ እህል አይወርድልኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋን አይታ ትደነብራለች» ትለኝ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ደግሞ «ተረጋጊ» የሚለኝ ሰው ስለጠፋ ጭራሽ ባሰብኝ።

ሱቄ ወደ ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ናት። ሱቅ አልኳት እንጂ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ከፊቷ መስኮት፣ ከጀርባዋ እኔና ልጄ የምንተኛባት ጓዳ። ወንበር የለኝም። ሰው ይመጣል፣ ያዛል፣ በወረቀት ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ፣ እየበላ ይሄዳል። ተማሪዎቹ «ቴካዌይ» ስለሚሏት እኔም ቀለም ቀቢ ጠርቼ «ቴካዌይ» ብዬ አስጻፍኩባት። የምሸጠው የምስር ሳምቡሳና እርጥብ ብቻ ነው። እርጥቡም ቢሆን ዳቦው ተሰንጥቆ የተጠበሰ ድንችና ዳጣ ይገባበታል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ሥጋ አልሸጥም ነበር። ለእኔ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም፤ እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የማንም እጅ ያረደውን አመስግኜ እበላለሁ። ግን ጅማ ውስጥ ሥጋ ከሸጥሽ መጀመሪያ የምትጠየቂው «የማን ነው?» ተብለሽ ነው። የሙስሊም ከሆነ ክርስቲያኑ ጥሎሽ ይሄዳል፤ የክርስቲያን ከሆነ ሙስሊሙ። ምስር ግን አራጅ የላትም፣ ሁሉም ይበላታል። ጾም ሲገባ ደግሞ መስኮቱ ላይ በካርቶን «የጾም» ብዬ እለጥፋለሁ። ይህን ብልሃት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ተከራይቼ ስሠራ ሥጋ አስገብቼ ከሁለቱም ወገን ደንበኛ አጥቼ ተምሬው ነው።

ተማሪ ቀን ቀን የግቢውን ካፌ ይበላል። የሚርበው ከላይብረሪ ሲወጣ ነው። እኔ በቀን ብከፍት የሚመጣልኝ ዝንብ ብቻ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን መስኮቴ ላይ ይጋፋሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እጠብሳለሁ፣ ከዚያ እዘጋለሁ። ኑሯችን በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ላይ የቆመ ነው።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው የቀበሌው ሠራተኛ ወረቀት ይዞ መጣ። ምግብ የሚሸጥ ሁሉ ከፋሲካ ጀምሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲዘጋ፣ ከዚያ በላይ መሥራት የሚፈልግ ደግሞ የተጨማሪ ሰዓት ፈቃድ እንዲያወጣ ይላል። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ሰዓት ላይ ዝጊ ማለት ለእኔ አትክፈቺ ማለት ነበር።

በማግስቱ ቢሮው በር ላይ የደረስኩት ሠራተኞቹ ሳይገቡ ነው። ባለሙያው ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ አለኝ። የጤና ምርመራ አለኝ። የደጅ መብራት አስገባለሁ። «ከዚያ የአራቱ አዋሳኝ ጎረቤቶችሽ ፊርማ» አለኝ። «ከፊት፣ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ማታ መሥራትሽን እንደማይቃወሙ።»

«አንዱ ባይፈርምስ?»

«ማመልከቻው አይታይም፣ እህቴ።»

«ሦስቱ ፈርመው አንዱ ብቻ ቢቀርስ?»

ሳቅ አለና «ቶሌ፣ እሺ፣ መጀመሪያ ሄደሽ ጠይቂያቸው እንጂ» አለኝ። ሰው እንዴት እንዲህ ባለ ነገር ይስቃል ብዬ ተናደድኩበት።

ልጄ ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ፈቃዱ ከተከለከለ ሱቋን ዘግቼ፣ እሷን ከፈተናው ፊት ነቅዬ፣ ዱራሜ ከተማ ወንድሜ ቤት ሻንጣ ይዤ መግባት ነው። ወንድሜ ደግ ነው፣ ያስገባናል። ሚስቱም ታስገባናለች፤ ግን በየቀኑ እንዳስገባችን ታስታውሰናለች። ማመልከቻውን ቢሮው አጠገብ ከሚጽፉት ለአንዱ ነግሬ በኦሮምኛ አስጻፍኩና ይዤ ዞርኩ።

ከፊቴ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የእሱም ገበያ ተማሪ ስለሆነ ባለቤቱ ቆሞ ፈረመልኝ። ከኋላዬ የቡና መጋዘን ነው፤ ኃላፊው ቡና እያስመዘነ ነበር፣ ጆንያ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ጨረስኩ። እንዲህ የቀለለ ነገር መጨረሻው አያምርም ብዬ ደግሞ በዚያ ሰጋሁ።

በግራዬ በኩል እማማ ናቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ዘመን አልፏል፣ ልጆቻቸውም ርቀዋል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። የእሳቸው መኝታ ቤት ግድግዳና የእኔ መጥበሻ የተጣደበት ግድግዳ አንድ ነው። ማታ የሚንጫጫው፣ የሚጤሰው፣ ሳቁም ጠቡም እሳቸው ራስጌ ነው። ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሳቸውን ነበር።

ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምረው ይናገሩታል፤ የላቲኑን ፊደል ግን አያነቡም። «ምን ይላል?» አሉኝ።

«እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብሠራ እንደማይቃወሙኝ ይላል፣ እማማ።»

«እስከ ስድስት?» አሉና ግድግዳቸውን አዩ። «እኔ እንደሁ እንቅልፍ ከከዳኝ ቆየ። የሰው ድምፅ ብሰማ ምን ይለኛል? አንቺ ይላል ያልሽው ከሆነ የሚለው፣ አምጪ ብዕሩን።»

እያንዳንዷን ፊደል እንደ ጥልፍ እየለቀሙ ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ብዕሩን እንደያዙ «ዘይትሽ የጾም ነው አይደል? ቅቤ ምናምን አይነካውም?» አሉኝ።

«ኧረ በጌታ! ምስርና ድንች ብቻ ነው የሚገባበት።»

«እንግዲያው ዘንድሮ ጉልበቴም እምቢ ብሎኛል፣ ማብሰሉን ትቼ ከአንቺ ነው የምበላው። ሃይማኖትሽ ሌላ ቢሆንም እጅሽን አምናለሁ።»

ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ አመሻሽ ላይ፣ ለማታው መጥበስ ስጀምር፣ መስኮቴ ላይ እየመጡ ሁለት ሳምቡሳ ይወስዱ ነበር። ሦስት ብላቸው አይቀበሉም። እኔም ከዘይቱ መጀመሪያ የሚወጡትን፣ ወርቅ የመሰሉትን፣ ለእሳቸው እለይ ነበር።

የቀሩት ሀጂ ናቸው፣ በቀኝ በኩል። ድሮ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን ቤት ነው የሚውሉት። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና «አስቀምጪው፣ አየዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ሄድኩ። «ኢንሻአላህ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከሁለት ቀን በኋላም እንደዚያው።

ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚባለው ለእኔ የተነገረ ነው። ሌሊት ተኝቼ በደሌን ሁሉ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን የእቃ እጣቢ በእሳቸው በኩል ደፍቻለሁ። ከስግደት ሲመለሱ ተማሪዎቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሲንጫጩ ዝም ብዬ አይቻለሁ። ስልኬ ላይ መዝሙር ከፍ አድርጌ እከፍታለሁ። «ኢንሻአላህ» እያሉ የሚያባርሩኝ ለዚህ ነው ብዬ ደመደምኩ። ማመልከቻው የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዓርብ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ለጸሎት ጓደኛዬ አለቀስኩላት። ቤተ ክርስቲያን አብረን የምናገለግል፣ ነገር የምታውቅ ሴት ናት። «አንቺ ደግሞ!» አለችኝ። «ሽማግሌ ዘንድ ባዶ እጅሽን እየሄድሽ ነው እንዴ የምትለምኚው? ያውም በረመዳን? ማፍጠሪያ ይዘሽ ሂጂ እንጂ።»

«ሳምቡሳ ልውሰድላቸው?»

«የምስር? ለሀጂ? የሥጋ አድርጊው። ለክብራቸው።»

ሐሙስ ጠዋት ወደ መርካቶ ሄጄ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ ገዛሁ። አስፈጨሁት። የሥጋ ቤቱ ስም ያለበትን ፌስታል አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ከሳምቡሳው ጋር አብሬ ልሰጣቸውና ማን እንዳረደው እንዲያዩ ነው። ይህን ሁሉ አስቤአለሁ። ቃሪያው እንዳይበዛ አስቤአለሁ፤ ሳህኑ የአበባ ሥዕል ያለው ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ፤ በር ላይ ምን እንደምል አራት ዓይነት ንግግር አዘጋጅቻለሁ።

መጥበሻ ግን አንድ ብቻ ነበረኝ። አዲስ ዘይት ቀድቼ ፀሐይ ሳትገባ ለመድረስ የሥጋውን አስቀድሜ ጠበስኩ። አንዱ ዘይቱ ውስጥ ተፈታብኝና ሥጋው ተበተነ፤ በጭልፋ ለቅሜ አወጣሁትና ቀጠልኩ። ከዚያ በዚያው ዘይት ላይ የምስሩን ጨመርኩ። ያን ጊዜ ምንም አልታየኝም። እኔ ባደግሁበት ቤት ዘይት ዘይት ነው። ልቤም ያለው ሀጂ ደጅ ላይ ነበር።

ሳህኑን የተቀበሉኝ ባለቤታቸው ናቸው። «ጀዛኪላህ» ብለው አመሰገኑኝና ፌስታሉን አይተው ፈገግ አሉ። ሀጂ ለስግደት ውዱእ እያደረጉ ስለነበር አላየኋቸውም። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ በከንቱ ቀረ። እየሮጥኩ ስመለስ እማማ መስኮቴ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ዛሬ ዘገየሽሳ፣ ልጄ?»

«ይቅርታ እማማ፣ ሁለት ነው?»

«ሁለት።»

ከወጡት ውስጥ የሚያምሩትን ሁለት መርጬ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። መረቁኝና ሄዱ።

የገባኝ ስድስት ሰዓት ላይ ዘግቼ መጥበሻውን ሳጥብ ነው። ዘይቱን ሳጠልለው ከሥሩ የጠቆረ ፍርፋሪ ቀረ። ምስር መሰለኝ። በጣቴ ፈረክ አደረግሁት፣ ሥጋ ነው። እጄ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጡት እማማ ናቸው፤ ከዚያ «የጾም» የሚለውን አንብበው ሲገዙኝ ያመሹት የተማሪዎቹ ፊቶች። ከግድግዳው ወዲያ እማማ ሲያስሉ ሰማሁ። ያን ያህል ቅርብ ነበሩ። ሄጄ በሩን ባንኳኳ ይከፍቱልኛል፤ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው አውቃለሁ።

አልሄድኩም። ነገ ጠዋት ማመልከቻው ይገባል። ማመልከቻው ላይ ሦስተኛው መስመር የእማማ ስም ነው። «በሁዳዴ ሥጋ አበላሁዎት» ካልኳቸው በኋላ «ስሜን ፋቂልኝ» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። አላወቁም፣ ሳያውቁ የበሉት ኃጢአት አይሆንባቸውም ብዬ ራሴን ተከራከርኩ። መጽሐፍ ቅዱሴን አውጥቼም ለእኔ የሚስማማ ጥቅስ ፈለግሁ። ሰው ከፈለገ ያገኛል፣ አገኘሁ። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጌታ ፊት ተንበርክኬ የለመንኩት ምን ነበር? ይቅርታ አይደለም፣ እንዳይታወቅብኝ ነው። ዛሬ ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ።

ዓርብ ጠዋት ሀጂ ራሳቸው አስጠሩኝ። ሄጄ ገባሁ። ሰኮሩ የሚሠራው ልጃቸው ሌሊቱን ደርሶ አጠገባቸው ተቀምጧል። ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ቢስሚላህ» ብለው ፈረሙ። በቃ። ይኸው ነው።

«ሀጂ፣ እኔ እኮ ያስቀየምኩዎት መስሎኝ…» አልኩ።

«ምን አድርገሽ? እኔ ይህን ፊደል አላነብም። ሰው ያላነበበውን ይፈርማል እንዴ? እጋ፣ እንግዲህ፣ ልጄን ነበር የምጠብቀው።»

«ትናንት ያመጣሁልዎት ሳምቡሳስ? ወደዱት?»

«ቤተሰቡ ማሻአላህ ብሎ በልቶታል። እኔን ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል። ያችኑ የምስርሽን ብታመጪልኝ ወላሂ ደስ ባለኝ ነበር።»

ልጃቸው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያንን ሥጋ የጠበስኩት ለምንም አልነበረም።

ማመልከቻውን አስገባሁ። ባለሙያው ፊርማዎቹን በጣቱ እየነካ ቆጠረ። የእማማ ስም ላይ ሲደርስ «ይህቺ ሴትዮ አሁንም ተስማምታለች?» የሚል መስሎኝ ነበር። አላለም። «ኮሚቴ መጥቶ ያያል» ብሎ ማኅተም መታበት።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ መስኮቴ ላይ አልመጡም። በመጀመሪያው ቀን ታመው ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ደጃፋቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። «እንደምን አደርሽ» አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። ጾሙ ሲገፋ ቤተ ክርስቲያን ያመሻሉ፣ ሌላ ቦታ ይበላሉ አልኩ። ለራሴ የማልሰጠው ምክንያት አልነበረም። ሌላ መጥበሻ ገዛሁ፣ ያንን ዘይት ደፋሁ፣ ሥጋ ሁለተኛ ወደ ቤቴ አልገባም። ጥፋት በእቃ ግዢ የሚካስ ይመስል። ሰኞ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሰኞ አለፈ። ኮሚቴው መጥቶ ይሂድ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እማማ ናቸው እያልኩ ስደነግጥ ልጄ «እማ፣ ምን ሆነሻል? ፈቃዱ ይሰጥሻል፣ አታስቢ» ትለኛለች። እኔ ስለ ፈቃዱ ብቻ እንዳልሆነ አልነገርኳትም።

ኮሚቴው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። የደጅ መብራቱን አብርተው አጠፉ። የቆሻሻ በርሜሉን ከፍተው አዩ። እሳት ማጥፊያ ሲሉኝ በባልዲ ያስቀመጥኩትን አሸዋ አሳየኋቸው፤ ሴትዮዋ አፏን ሸፍና ሳቀችና «ይያዝላት» አለች። ከዚያ «እስቲ ጎረቤት እናነጋግር» አሉ። ይህንን የነገረኝ አልነበረም። ፊርማ ካለ ያልቃል ብዬ ነበር።

ሀጂን ጠሩ፤ «እኔ ቅሬታ የለኝም» አሉ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

«ማታ መሥራቷ አይረብሽዎትም፣ እናቴ?»

«የተማሪ ድምፅ ነው። ልጅ ይንጫጫል፣ ምን ይደረግ።»

«ንጽሕናዋስ? ምግቧስ?»

እማማ ዞረው እኔን አዩኝ። የቁጣ ዓይን አልነበረም፤ የሚጠብቅ ዓይን ነበር፣ ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ። እኔ ጎንበስ ብዬ ድንች መላጥ ያዝኩ። ቢላዋው አውራ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ቀና አላልኩም።

«ገዝቼ በልቻለሁ» አሉ እማማ።

«ቅሬታ የለም ማለት ነው?»

«ፈርሜአለሁ እኮ፣ ልጄ። ፊርማዬ ፊርማ ነው።»

ሰውዬው «ቅሬታ የለም» ብሎ ጻፈ። እማማ ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ፈቃዱ የወጣው በሕማማት ሰሞን ነው። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ እንድሠራ የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣ የእኔ ስም ያለበት። ልጄ እንደ ሕፃን ዘለለች። የጸሎት ጓደኛዬ «ጌታ ሠራ!» ብላ አቀፈችኝ። እኔም ሃሌ ሉያ አልኩ። በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ የማመካኝበት ነገር ጠፋ። ኮሚቴው ሄዷል፣ ፈቃዱ ወጥቷል፣ የሚወሰድብኝ ነገር የለም። ቢሆንም እስኪፈስኩ ልጠብቅ አልኩ። የበዓል ሰው ይቅር ለማለት ይቀለዋል ብዬ ነው።

በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ሄድኩ። ምንም አልያዝኩም፤ በሳህን መማለድን ፈርቼዋለሁ። እማማ ብቻቸውን ነበሩ። «ግቢ፣ ግቢ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ጀመርኩት፤ የሀጂን ነገር፣ የሥጋውን፣ አንዲቷን መጥበሻ፣ ሐሙስ ማታ የሰጠኋቸውን ሁለቱን። ሳለቅስ ቃሌ ስለሚቆራረጥ ከመጀመሪያው እየመለስኩ ሦስት ጊዜ ያህል ተናገርኩት።

እማማ እስክጨርስ ሰሙኝና «አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«አንዱን በልቼ ሁለተኛውን ስቆርስ ጫፉ ላይ ሥጋ ተጣብቆ አየሁ። ያኔውኑ ማታ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ለምን አልጮኹብኝም? ኮሚቴው ሲመጣስ…»

«መጥተሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ። ጠዋት ትመጣለች አልኩ። በማግስቱም ጠበቅሁ። ሰዎቹ የመጡ ዕለት ደግሞ ፊት ለፊት ቆመሽልኝ ነበር፣ ዛሬስ ትናገራለች አልኩ። አንቺ ድንች ትልጫለሽ።» ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። «ፈቃዱን እንዳልከለክልሽ ፈርተሽ ነው?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

«እኔ ለሳምቡሳ ነው የፈረምኩት? ወረቀቱን አንብበሽ ይላል ያልሽኝን አምኜ ነው የፈረምኩት።»

እግራቸው ሥር ልወድቅ ተነሣሁ፣ ክንዴን ይዘው መለሱኝ። ጉልበታቸው የታመመ ሰው ያን ያህል ጉልበት ይኖራቸዋል ብዬ አላሰብኩም።

«የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄአለሁ» አሉ። «ቀኖና ሰጡኝ። ስገጂ አሉኝ፣ በዚህ ጉልበቴ ሰገድኩ፣ ጨረስኩ። የእኔ አልቋል፣ ልጄ። የአንቺን እንጃ።»

ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። መሄድ ፈለግሁ፣ ግን ሳልሰናበት መውጣት ሌላ ጥፋት ይሆናል ብዬ ቀረሁ። የበዓሉን ወጥ በእንጀራ አቀረቡልኝና ከፊቴ ተቀመጡ። እጄን ታጠብኩ። መቁረስ አቃተኝ።

«ብዪ» አሉኝ። «አትፍሪ፣ የገባበትን ሁሉ እነግርሻለሁ። ዶሮው የራሴ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው በስመ አብ ብሎ ያረደልኝ። ቅቤው ከሰኮሩ የመጣ ነው። ሽንኩርት አለው፣ በርበሬ አለው፣ ኮረሪማ አለው። እንቁላሉ ስድስት ነው። ሌላ ምንም የለበትም።»